ቃጭል አስራ ስለታሰረችው ባጃጅ

ለተከበሩ አቶ ጌታሁን
የዳሞት በር ከተማ የአረንጓዴ ትራንስፖርት ማስፋፊያና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤንነት፣ የቤተሰብዎን ደኅንነት፣ ቀጥሎም የወንበርዎን ጽናት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ እጄም ድኗል፣ የግንባሬም እብጠት ወርዷል። ሁለቱም እንዴት እንደ መጡብኝ ከዚህ በታች በየተራቸው ይነገራሉ።

በሥራ ብዛት ረስተውኝ እንደሆነ፣ እኔ መሪጌታ ክንፈሚካኤል ነኝ፤ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከኪዳነ ምሕረት ዳገት ሥር ወንበር ዘርግቼ ቅኔ የማስተምር፣ በሕፃንነቴ ፈንጣጣ ሁለቱንም ዓይኔን የወሰደብኝ ሰው። የከተማው ሰው የኔታ ይለኛል። እርስዎም ወንበር አለዎት፣ እኔም ወንበር አለኝ፤ ልዩነታችን በእኔ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሲጠየቅ መመለስ ግዴታው መሆኑ ብቻ ነው። ይህን ደብዳቤ እኔ እየተናገርኩ የጻፉልኝ ጎረቤቴ ወይዘሮ ወለተ ሐና ናቸው፤ ረጅም ዘመን አስተምረው ጡረታ የወጡ ሴት ስለሆኑ የፊደል ግድፈት አይገኝበትም፤ የአክብሮት ግድፈት ከተገኘ ግን የራሴ ነው።

ለጽሕፈት ቤትዎ ያላቀረብኩት ምስጋና እየተጠራቀመ ስለከበደኝ፣ በአደባባይ ላቀርበው ወስኛለሁ። የቅኔ መምህር በመሆኔ ሰዎች ምስጋናዬን ገልብጠው የመመልከት ክፉ ልማድ አላቸው፤ እርስዎ ግን እንደ ቅን ሰው ከፊት ለፊቱ እንዲቀበሉኝ እለምናለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ባጃጆቹ አመሰግናለሁ፤ ይህ ምስጋና ምንም ጥልፍልፍ የለበትም። ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ጽሕፈት ቤትዎ በቻርጅ የሚሠሩ ባጃጆች በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶች እንዲደርሱ አደረገ። ከዚያ በፊት የነበረውን እርስዎም ያስታውሱታል፤ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ቤንዚን ይጠፋል፤ ሲገኝም በጀሪካን ከሰው ጓሮ ነው፤ ተገኝቶ የተነሣው ባጃጅም ዳገቱን እያሳለና እየጨሰ ስለሚወጣ፣ ተማሪዎቼ የሚያሰሙኝ ቅኔ ግማሹ ለእኔ፣ ግማሹ ለጭሱ ይደርስ ነበር። አዲሶቹ ሲመጡ ግን ዳገቱ ጸጥ አለ። በርበሬ ተሸክመው ከገጠር የሚመጡ እናቶች እስከ ገበያው በር ተቀምጠው መሄድ ጀመሩ። ከቤቴ በላይ ባለው ባሕር ዛፍ ላይ ወፍ እንደሚኖር ያወቅሁትም ያን ጊዜ ነው። በዚህ ነገር ላይ የምቀልድ ሰው አይደለሁም።

ዳገቱ ጸጥ ማለቱ ግን ለእኔ ሌላም ትርጉም ነበረው። አንድ ቀን ከቅዳሴ ወጥቼ አስፋልቱን ለመሻገር ቆምኩ፤ እንደ ልማዴ አዳመጥኩ፤ ምንም የለም። እግሬን አነሣሁ። ወዲያው ምርኩዜ ከእጄ ተነጥቆ ሲሰበር ሰማሁ፤ እኔም ተንገዳግጄ ቦዩ ውስጥ ወደቅሁ።

ነጂዋ ወርዳ ስትሮጥ ኮቴዋ ተሰማኝ። «የኔታ፣ አላዩኝም እንዴ?» አለችኝ፤ ከዚያ የተናገረችውን ራሷ ሰማችው መሰለኝ፣ «ውይ!» አለች።

«አላየሁሽም ልጄ፤ እሱስ ቆይቷል። ዛሬ አዲስ የሆነብኝ አለመስማቴ ነው» አልኳት።

ይህች ነጂ ያምሮት ትባላለች። አባቷ በፈረስ ቤት አካባቢ ገበሬ ናቸው፤ እሷ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ስታጣ ወደ ከተማችን መጥታ ከማኅበሩ ገብታ ነው ባጃጇን ያገኘችው። ከቦዩ አውጥታ፣ ጭቃዬን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። የእጄ አንጓ ወልቆ ነበርና ታሽቶ ታሰረልኝ። ስንመለስ «ከእንግዲህ እርስዎን ባየሁ ቁጥር ክላክስ አደርጋለሁ» አለችኝ። እኔም ክላክስ የሚነፋው ነጂው ሲያየኝ መሆኑን፣ ችግሬ ግን ከማያየኝ ነጂ ጋር መሆኑን፣ ደግሞም ክላክስ «ዞር በል» ይላል እንጂ ወዴት ዞር ልበል ለሚለው መልስ እንደማይሰጥ ነገርኳት። «ሬሳ እንኳ ሲያልፍ ለቅሶው ይሰማል፤ የእናንተ ግን ሰው አጠገቡ ከደረሰ በኋላ ነፋስ ብቻ ነው» አልኳት። አልሳቀችም። ነገሩን ይዛ ሄደች።

ሁለተኛ፤ ስለ ታፔላው አመሰግናለሁ። እጄ እንደ ታሰረ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ፣ እነዚህ ባጃጆች ሲሄዱ ትንሽ ድምፅ የሚሰጥ ነገር እንዲኖራቸው ለመንኩዎት። በጣም በጥሩ ሁኔታ ተቀበሉኝ፤ ወንበር አስመጡልኝ፤ ውሃ አስቀዱልኝ። ከዚያም «የኔታ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ በኮሚቴ ይታያል» አሉኝ። ይታያል የሚለው ቃል ያን ጊዜውኑ ሊያስጠነቅቀኝ ይገባ ነበር።

ኮሚቴው ተሰበሰበ፣ አጠና፣ ወሰነ፣ ውሳኔውንም በብረት ምሰሶ ላይ ሰቅሎ በየማቋረጫው ተከለ። ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው የተተከለው በእግረኛ መንገዱ መሐል ለመሐል ስለሆነ፣ መተከሉን ከከተማው ነዋሪ ሁሉ ቀድሞ ያወቀው ግንባሬ ነው። ወይዘሮ ወለተ ሐና ሮጠው መጥተው ከደገፉኝ በኋላ ምን እንደሚል ጠየቅኋቸውና አነበቡልኝ፦ «ድምፅ አልባ ተሽከርካሪዎች ስለሚያልፉ ከመሻገርዎ በፊት ግራና ቀኝ ይመልከቱ።» ከዚያም እኔን ለማጽናናት መሰለኝ፣ «ቀለሙ ያምራል» አሉኝ።

በምረቃው ቀን ደግሞ ክቡርነትዎ በክብር እንግድነት ጠርተውኝ፣ የጥያቄው ባለቤት ስለሆንኩ ሪባኑን እንድቆርጥ መቀስ በእጄ ሰጡኝ። ሪባኑን ዳስሼ እስካገኘው ድረስ የቆመው ሰው ሁሉ በትዕግሥት ጠበቀኝ፤ ከዚያም ተጨበጨበ። ከታፔላው ሥር ፎቶ ስንነሣ «የኔታ፣ ወደ ካሜራው ይመልከቱ» ያሉኝን የሕዝብ ግንኙነት ባልደረባዎን በዚህ አጋጣሚ ሰላም ይበሉልኝ።

ሦስተኛው ምስጋና በእውነቱ ለጽሕፈት ቤትዎ የሚገባ አይደለም፤ ነገር ግን ሳልናገረው የቀረውን ማስረዳት አልችልም።

ያምሮት ፍኖተ ሰላም ገበያ ወርዳ፣ በበቅሎ አንገት የሚታሰር ቃጭል የሚሸጥ ነጋዴ ለምና፣ ሦስት ዓይነት በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ መጣች። እኔ ከቤቴ በር ላይ ቆሜ፣ እሷ ከመንገዱ ማዶ ወዲያና ወዲህ እየሄደች እያንዳንዱን አቃጨለችልኝ። ወፍራሙ ከሩቅ ይሰማል፣ ግን ከየት እንደሚመጣ አይለይም፤ ቀጭኑ ጆሮ ይወጋል፤ መካከለኛው ግን በየት በኩል እንደምትሄድ፣ እየቀረበች ይሁን እየራቀች፣ ፈጥና ይሁን ቀስ ብላ ቁልጭ አድርጎ ነገረኝ። «እሱ ነው» አልኳት። ከባጃጇ ፊት ሥር አሰረችው። ስትሄድ ያቃጭላል፤ ስትቆም ዝም ይላል። ኤሌክትሪክ አይበላም፤ ቻርጅም አይፈልግም።

በዚህም አላበቃችም። የባጃጇ ወለል ለሽማግሌና ለነፍሰ ጡር ከፍ እንደሚል አይታ፣ ከአናጢ ዝቅ ያለ የእንጨት መርገጫ አሠርታ አስገባች። ስትደርስም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቃል ትናገራለች፦ «የኔታ፣ ያምሮት ነኝ፤ በስተቀኝዎ ቆሜያለሁ፤ መርገጫው ከእግርዎ ፊት ነው።»

ክቡር ሆይ፣ ይህ ለእርስዎ ትንሽ ነገር ሊመስልዎት ይችላል። እኔ ግን ከሕፃንነቴ ጀምሮ የሄድኩበት ቦታ ሁሉ የሄድኩት ሌላ ሰው መሄድ ሲመቸው ነው። ተማሪ ሲኖር እሄዳለሁ፤ ተማሪዎቼ ለአዝመራ ወደ የቤታቸው ሲበተኑ እቀመጣለሁ። ታላቅ እኅቴ እማሆይ አስካለ ማርያም ከከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ ከገብርኤል ቅጥር ግቢ በአንዲት ጎጆ መንነው ይኖራሉ። በአንድ ከተማ እየኖርን በዓመት የምንገናኘው በጣት የሚቆጠር ቀን ነበር። አንድ ማክሰኞ ቃጭሉ ሲመጣ ሰማሁና እጄን አነሣሁ፤ ያምሮት ቆመች፤ ወጣሁ፤ ገብርኤል በር ላይ አወረደችኝና ግንቡን በግራ እጄ እየዳሰስኩ እንድሄድ ነግራኝ ሄደች።

እማሆይ ድምፄን ሲሰሙ «ማን አመጣህ?» አሉኝ።

«ማንም» አልኳቸው።

«ማንም ማለት ምን ማለት ነው?»

«በባጃጅ መጣሁ፤ ብቻዬን።»

እማሆይ ብዙ መናገር የማይወዱ ሴት ናቸው። ያን ቀን ግን ገብቼ ከተቀመጥኩ ጀምሮ እስክሄድ ድረስ እጄን አልለቀቁትም። ውጭ ቆሞ የሚጠብቀኝና የሚሰለቸው ሰው ስለሌለ፣ በልጅነታችን የሞቱትን ዘመዶች ሁሉ አንሥተን፣ የተጣሉትን አስታርቀን፣ ወሬ እስኪያልቅብን ድረስ ተጫወትን። ሲመሻሽብኝ ደግሞ ቃጭሉ መጣ።

ከዚያ ወዲህ በያምሮት ባጃጅ ጤና ጣቢያ ለደም ግፊቴ፣ ገበያ ለጨውና ለስኳር፣ ለቅሶ ቤት ለወዳጆቼ ብቻዬን እሄድ ጀመር። ሌሎችም ለመዷት፤ ጉልበት የሚያማቸው ባልቴቶች ቃጭሉን ሲሰሙ ከቤት መውጣት ስለጀመሩ መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ ቆሞ መጠበቅ ቀረላቸው። ጥፋት አልነበረም ማለቴ አይደለም። አንድ የገበያ ቀን የአያ ገብረ ሕይወት ጊደሮች ቃጭሉን ሰምተው እስከ ወፍጮ ቤት ድረስ ባጃጇን ተከትለዋታል፤ አያ ገብረ ሕይወትም ከኋላ እየሮጡ «ልጄ፣ ከብቶቼን ወዴት ትነጂያቸዋለሽ?» ሲሉ ያልሳቀ ሰው አልነበረም። ጽሕፈት ቤትዎ የትራፊክ መጨናነቅ ብሎ የመዘገበው ይህንን ከሆነ እውነት ነው፤ አልክድም።

አራተኛ፤ ስለ ጸጥታ ማስከበርዎ አመሰግናለሁ። በከተማችን ጸጥታን የሚያስከብሩ ብዙ መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ ቃሉን እንደ ፊደሉ ተርጉሞ በሥራ ላይ ያዋለው ግን የእርስዎ ብቻ ነው።

ከክልል እንግዶች ፕሮጀክቱን ሊጎበኙ ነው የሚል ወሬ በተሰማ ሰሞን ተቆጣጣሪዎችዎ ያምሮትን ከገበያው በር አስቆሟት። «ፕሮጀክቱ የተመዘገበው ድምፅ አልባ ተብሎ ነው፤ ያንቺ ይሰማል» አሏት። ቃጭሉን ፍቺ ሲሏት ፈታችው። ቃጭሉ ተፈታ፤ ባጃጇ ግን ታሰረች። ያምሮት ቃጭሉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ በእግሯ ቤቴ መጥታ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተሰበረም፤ ግን ተነሥታ ስትሄድ መርገጫውን አስታውሳ «መርገጫውስ? ዝናብ ይመታዋል» አለች። ያን ጊዜ ነው የከፋት።

እኔም ዳግመኛ ወደ እርስዎ መጣሁ። አሁንም ወንበር አስመጡልኝ፤ አሁንም ውሃ አስቀዱልኝ። «የኔታ፣ እኛ እኮ ቃጭሉን አልተቃወምንም፤ ዓይነቱ ይታወቅ ነው ያልነው። የቤተ ክርስቲያን ቃጭል ከሆነ የደብሩ ደብዳቤ፣ የከብት ቃጭል ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ደብዳቤ ይምጣና እንለቃታለን» አሉኝ። ሥርዓት የምወድ ሰው ስለሆንኩ በወይዘሮ ወለተ ሐና እየተመራሁ ሁለቱንም ዞርኩ። የደብሩ አለቃ ቃጭሉን አገላብጠው አይተው፣ «የኔታ፣ ይህ ቅዳሴ ገብቶ አያውቅም፤ ምን ብዬ ልመስክርለት?» አሉኝ። የእንስሳት ሐኪሙ ደግሞ ትሑት ወጣት ነው፤ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ስንት እግር አላት?» ሲል ጠየቀኝ። ሦስት ጎማ እንዳላት ነገርኩት። «እንግዲህ እኛ ዘንድ ሦስት እግር ያላት የምትታከመው እንደ ስብራት ነው» አለኝ። ሁለቱም ከልባቸው አዘኑልኝ፤ ደብዳቤ ግን አልሰጡኝም። ባጃጇም ከግቢዎ ቀረች። ያምሮት በቆሎ ነጋዴዎች ዘንድ በቀን ሥራ ገብታ በቆሎ ማበጠር ጀመረች፤ እኔም እንደ ድሮዬ ሰው እስኪመቸው ተቀመጥኩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር መደርደር ስላቃተኝ እንዲሁ እነግርዎታለሁ።

ኅዳር ውስጥ ተማሪዎቼ ለአዝመራ ተበትነው ሳለ፣ ወይዘሮ ወለተ ሐናም ልጃቸው ወልዳ ቡሬ ሄደው ሳለ፣ እማሆይ አስካለ ማርያም ታመዋል የሚል ቃል አንድ መንገደኛ በቤቴ በር ሲያልፍ ነገረኝ። ምን ያህል እንደ ታመሙ አያውቅም። ቁጭ ብዬ መጠበቅ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ምርኩዜን ይዤ ወጣሁ። እስከ አዲሱ አደባባይ ድረስ በደኅና ሄድኩ። አደባባዩ ላይ ግን መንገዱ ስለሚዞር እኔም ዞርኩ፤ ደግሜ ዞርኩ፤ ከዚያ የመጣሁበትም የምሄድበትም ጠፋኝ። ባጃጆቹ በግራም በቀኝም እንደ ነፋስ ያልፋሉ። አንዱ ልብሴን ነክቶት ሄደ። ፈራሁ። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም። የአደባባዩን ጠርዝ በእግሬ አግኝቼ ተቀመጥኩ፤ ሰው ሲያልፍ ልጠይቅ ብዬም ድምፅ አልወጣልኝም።

እዚያው እንዳለሁ «የኔታ፣ ያምሮት ነኝ፤ በስተግራዎ ነኝ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከበቆሎው መጋዘን ወጥታ ምሳ ልትበላ ስትሄድ አይታኝ ነው።

«እማሆይ ታመውብኛል» አልኳት።

«እሄዳለሁ ብለው ነው ብቻዎን የወጡት?»

«አዎ።»

ለምን አላለችኝም። የበቆሎ ገለባ የሸተተ እጇን ሰጥታ አስነሣችኝና፣ «እኔ ከፊት ከፊት እሄዳለሁ፤ እርስዎ ይከተሉኝ» አለች። ደብዳቤ ፍለጋዬ ሲያከትም የመለስኩላትን ቃጭል ከነጠላዋ ጫፍ ፈታ እያቃጨለች ቀደመች። እኔም ቃጭሉን ተከትዬ በመንገዱ መሐል ሄድኩ። መንገድ ዳር የነበረው ሰው፣ ጥምጥም ያደረገ ቄስ የሚመስል ሽማግሌ ከኋላ፣ ቃጭል የያዘች ሴት ከፊት ሲያይ፣ ሥጋ ወደሙ ለድውይ የሚወሰድ መስሎት ከተቀመጠበት ተነሣ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ጫት ቤት የነበሩትም ወጥተው ቆሙ ይባላል። ሴት ቃጭል ይዛ እንደማታውቅ የከተማው ሰው ሁሉ ቢያውቅም፣ ቃጭሉ ከእውቀቱ ቀደመው። ባጃጆች ቆሙ፤ የበቆሎ ጋሪዎች ቆሙ። ያምሮት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አንድ ነጭ መኪና ቆማልናለች፤ የጽሕፈት ቤቱ ናት፤ ኃላፊው ወርደው እጅ ነሥተዋል» አለችኝ። ስለዚህ አክብሮትዎ እስከ ዛሬ ሳላመሰግንዎ ቀርቻለሁና ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ከቆሙት ነጂዎች አንዱ ተስፋው የሚባል የማኅበሩ አባል ነበር። ነገሩን ከያምሮት ሲሰማ ሁለታችንንም ጭኖ ገብርኤል አደረሰን። እማሆይን ትኩሳት እንደ እሳት እያነደዳቸው አገኘናቸው፤ በተስፋው ባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፤ የሳንባ ምች ነው ተባለ። ሐኪሟ «ነገን ብትጠብቁ ኖሮ…» ብላ አልጨረሰችውም። እማሆይ ዛሬ ድነዋል፤ ለእርስዎም ይጸልያሉ፤ ምን ብለው እንደሚጸልዩ ጠይቄ አላውቅም።

በማግስቱ ተስፋው ቃጭል አሰረ። ከዚያ ሌላው አሰረ። ሳምንት ሳይሞላ የማኅበሩ ባጃጆች ሁሉ እያቃጨሉ መውጣት ጀመሩ። ሁሉንም እንዳያስሩ ግቢው አይበቃም፤ እንዳይተዉ ድምፁ ይሰማል። ጽሕፈት ቤትዎም በጥበብ መካከለኛውን መንገድ መርጦ የያምሮትን ባጃጅ ለቀቀላት።

ግን ባጃጇ ከግቢው በራሷ አልወጣችም። ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀባት፣ አንድ ቀን እንኳ ቻርጅ ሳትደረግ ስለቆየች ባትሪዋ ሞቷል። የጥበቃ ሠራተኛዎ እውነተኛ ሰው ናቸውና ለያምሮት እንዲህ አሏት፦ «እኔስ ልሰካልሽ ብዬ ነበር፤ በታሰረ ንብረት ላይ መብራት ማባከን አይፈቀድም አሉኝ።» ተስፋው በገመድ ጎትቶ አወጣላት። ከዚያ ወዲህ ጓደኞቿ ባትሪያቸውን በየተራ እያዋሷት በሳምንት ጥቂት ቀን ትሠራለች፤ በቀሪው ቀን በቆሎ ታበጥራለች። መርገጫው በዝናብ ጣውላው ተሰንጥቆ ነበር፤ እሱን አያ ገብረ ሕይወት ጠግነውላታል።

እንግዶቹም መጡ። እኔ ከገበያው በር ባለው ፌርማታ ተስፋውን እየጠበቅሁ ነበር፤ እርስዎም ከአጠገቤ ቆመው ሲያስጎበኙ በጆሮዬ ሰማሁ። አንዲት እንግዳ «ይህ ደስ የሚል ድምፅ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። እርስዎም ሳይዘገዩ «ዐይነ ስውራንን ታሳቢ በማድረግ ጽሕፈት ቤታችን ያበለጸገው የድምፅ ሥርዓት ነው» አሉ። እንግዳዋ አጨበጨቡ። ሌሎቹም አጨበጨቡ። ታሳቢ የተደረግኩት ዐይነ ስውር እኔው ከጎንዎ ስለነበርኩ፣ ነውር እንዳይሆን እኔም አጨበጨብኩ። ባለፈው ሰኞ ደግሞ ጽሕፈት ቤትዎ «ለሁሉም ተደራሽ የሆነ የኤሌክትሪክ ትራንስፖርት» በመዘርጋቱ የምስክር ወረቀት መሸለሙን በሬዲዮ ሰማሁ። እንኳን ደስ አለዎት።

ክቡር ሆይ፣ የምስክር ወረቀቱን እኔም አልፈልገውም፤ ያምሮትም አትፈልገውም። ለእርስዎ ግድግዳ ይሁን። አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፤ ያለ ቅኔም እጠይቃለሁ። በግቢዎ ውስጥ የሞተውን የያምሮትን ባትሪ ይተኩላት። አባቷ ከፈረስ ቤት በሬ ሸጠው እንዳይተኩላት ብላ ባትሪው መሞቱን እስከ ዛሬ አልነገረቻቸውም፤ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ስሜን አያንሡ ብላኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እንቢ ያልኳት። ሥራው በቃጭል የተሸለመ መሥሪያ ቤት ቃጭሉን ያሰረችውን ሴት በእግሯ አያስሄድም ብዬ አምናለሁ። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ለያምሮት ባትሪ የሚደርሳት ዓርብ ነው፤ ቃጭሉ በሁሉም ባጃጅ ቢኖርም መርገጫው በእሷው ብቻ ስለሆነ፣ እኔም እማሆይን ለማየት ዓርብን እጠብቃለሁ። መጠበቁን አውቅበታለሁ፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻውን ሄዶ ለተመለሰ ሰው እንደ ድሮው ቀላል አይደለም።

የክቡርነትዎን ዕድሜ እንዲያረዝም፣ ወንበርዎን ከመናወጥ፣ ግድግዳዎን ከእርጥበት እንዲጠብቅ ዘወትር እየለመንኩ፣ ከእግርዎ በታች ሳይሆን ከታፔላዎ በታች ሆኜ፣ በፍጹም አክብሮት እሰናበታለሁ።

መሪጌታ ክንፈሚካኤል
የጽሕፈት ቤትዎ የድምፅ ሥርዓት ተጠቃሚ

ማሳሰቢያ፦ ይህ ደብዳቤ ለምን በአደባባይ ተነበበ ብለው እንዳያዝኑብኝ፣ መጀመሪያ በፖስታ አሽጌ ወደ ቢሮዎ አምጥቼው እንደ ነበር ይወቁልኝ። ጸሐፊዎ «የተገልጋዩን ድምፅ ማዳመጥ» ለሚባል ሥልጠና ባሕር ዳር መሄድዎንና እስኪመለሱ ድረስ አቤቱታ የሚሰማ ሰው እንደሌለ ነገሩኝ። ሥልጠናው እንዲሳካልዎት እመኛለሁ። አሠልጣኝ ከጎደለባቸው ደግሞ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ሥራ ስለሆነ በነጻ አስተምራለሁ፤ ለመጀመሪያው ትምህርት ዓይንን መጨፈን ብቻ ይበቃል፤ እሱን ደግሞ ክቡርነትዎ አስቀድመው ያውቁበታል።